የዖዴድ ጥያቄ፦ ጦርነትን በሁለት ሚዛን መመዘን

የጥናቱ ምንባብ፦ 2ኛ ዜና መዋዕል 28፥1-15
ተጨማሪ ምንባብ፦ ዘዳግም 20፥10-20፤ አሞጽ 1፥3 እስከ 2፥3፤ ሉቃስ 3፥14፤ ሮሜ 12፥17 እስከ 13፥4



ጦርነት በደረሰበት አገር የሚኖር ክርስቲያን ሁለት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። አንደኛው «ይህን ጦርነት ማካሄድ ተገቢ ነውን?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ጦርነቱ የሚካሄደው በምን ዓይነት መንገድ ነው?» የሚል ነው። በየአጥቢያችን ከአምልኮ በኋላ የሚነሣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ላይ ያልቃል። ማን ጀመረ፥ ማን ተበደለ፥ ማን ቃሉን አፈረሰ እያልን እናመሻለን። ሁለተኛው ጥያቄ ሲነሣ ግን «አሁን ጊዜው አይደለም» ተብሎ ይታለፋል፤ ወይም ጠያቂው የጠላት ወዳጅ ተደርጎ ይታያል። በእርዳታ ሥራ የተሰማራን ሰዎች ግን ልናልፈው አንችልም። በየማለዳው በመጋዘናችን በር ላይ የሚቆመው ይኸው ሁለተኛው ጥያቄ ነውና።

ለዚህ ጥናት የመረጥነው ምንባብ በስብከት ብዙ ጊዜ አይሰማም። በይሁዳ አካዝ ነግሦ ነበር፤ ለበኣል ምስሎችን አቆመ፥ ልጆቹንም በእሳት አሳለፈ። ስለዚህ እግዚአብሔር በሶርያ ንጉሥና በእስራኤል ንጉሥ በፋቁሔ እጅ እንደ ጣለው መጽሐፉ በግልጥ ይናገራል። በአንድ ቀን 120 ሺህ የይሁዳ ሰዎች ወደቁ። ሴቶችን፥ ወንዶችንና ሴቶች ልጆችን ጨምሮ 200 ሺህ ሰዎች ተማርከው ከብዙ ምርኮ ጋር ወደ ሰማርያ ተወሰዱ። የተማረኩት የሌላ አገር ሰዎች አልነበሩም፤ የማራኪዎቹ ወንድሞች ነበሩ፤ ይህንም መጽሐፉ ደጋግሞ ያስታውሰናል።

በዚያን ጊዜ ዖዴድ የተባለ ነቢይ ከድል የሚመለሰውን ሠራዊት ሊገናኝ ወጣ። ብቻውን፥ መሣሪያ በታጠቀ ሠራዊት ፊት! የተናገረውን በጥንቃቄ እንመልከት። «ጦርነቱ ከመጀመሪያውም ስሕተት ነበር» አላለም። ይሁዳ የተመታችው እግዚአብሔር ስለ ተቈጣ መሆኑን ተቀበለ። በአንደኛው ጥያቄ ላይ፥ እንግዲህ፥ ሠራዊቱን አልተከራከረም። ነገር ግን ቍጣችሁ ከልክ አልፎ ሰማይ ደርሷል፤ አሁን ደግሞ እነዚህን ሰዎች ባሪያዎች ልታደርጉ አስባችኋል፤ እናንተስ ራሳችሁ በደለኞች አይደላችሁምን? ብሎ ጠየቃቸው። ከዚያም የኤፍሬም አለቆች የነበሩ አራት ሰዎች ከዖዴድ ጎን ቆሙና ምርኮኞቹ ወደ ከተማ እንዳይገቡ ከለከሉ። ወታደሮቹም ምርኮኞቹንና ምርኮውን በአለቆቹ ፊት ተዉ።

ቀጥሎ የተደረገውን የእርዳታ ሠራተኛ ሁሉ ቢያጠናው መልካም ነው። የተራቈቱትን አለበሱ፥ ጫማ ሰጡ፥ አበሉ፥ አጠጡ፥ ቁስላቸውን በዘይት ቀቡ፤ ደካሞቹንም በአህያ ጭነው እስከ ኢያሪኮ ድረስ ወደ ወንድሞቻቸው አደረሱ። ልብሱ የተገኘው ከምርኮው ውስጥ ነው። የዚያ መጋዘን ዕቃ በመጀመሪያ የዘረፋ ዕቃ ነበር ማለት ነው። ዘይት፥ አህያ፥ ኢያሪኮና የሰማርያ ሰዎች በአንድነት የተገኙበት ሌላ ታሪክ ታስታውሱ ይሆናል። ጌታችን ስለ ደጉ ሳምራዊ ሲናገር ይህን ምዕራፍ በልቡ ይዞ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ የመጽሐፍ ቅዱስ መምህራን አሉ፤ እኔም እንደዚያ ይመስለኛል።

ነቢዩ አሞጽም የሚነግረን ይህንኑ ነው። አሕዛብን አንድ በአንድ ሲከስስ በጦርነት የሠሩትን ግፍ ይጠቅሳል፤ በብረት መሣሪያ ሰውን ስለ ማበራየት፥ ሕዝብን በሙሉ ማርኮ ስለ መሸጥ፥ የእርጉዞችን ሆድ ስለ መሰንጠቅ። በ2፥1 ላይ ያለውን ግን በተለይ አስተውሉ። ሞዓብ የተከሰሰችው በእስራኤል ላይ ስላደረገችው አይደለም፤ የኤዶምያስን ንጉሥ አጥንት ስላቃጠለች ነው። የተበደለው የእግዚአብሔር ሕዝብ ባይሆንም፥ የሞተ ሰው ቢሆንም፥ እግዚአብሔር ነገሩን መዝግቦታል።

ከሐዋርያት በኋላ የነበረችው ቤተ ክርስቲያን በዚህ ነገር ብዙ ደክማለች። የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስ እ.ኤ.አ. በ390 ንጉሠ ነገሥቱ ቴዎዶስዮስ የተሰሎንቄን ሕዝብ በበቀል ባስፈጀ ጊዜ፥ ንስሐ እስኪገባ ድረስ ቅዱስ ቍርባን አልሰጠውም። ቴዎዶስዮስ ክርስቲያን ንጉሥ ነበረ፤ ከዚያ ቀደም ሲል የጦር አዛዡ በከተማው ሰዎች ተገድሎበት ነበርና የሚያስቈጣም ምክንያት ነበረው። ጳጳሱ ግን ምክንያቱን ሳይሆን እጁን ተመለከተ። የአምብሮስ ደቀ መዝሙር አውግስጢኖስ ክርስቲያን ወታደር ሊሆን እንደሚችል አስተማረ። ይሁን እንጂ በጦርነት ውስጥ ትልቁ ክፋት ሞት ሳይሆን የበቀል ጥማትና ጭካኔ፥ ለመግዛትም መመኘት እንደ ሆነ ጽፏል። ይህን ያስተማረው ከሰላም ርቆ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ430 ሲሞት ከተማው ሂፖ በቫንዳሎች ተከብባ ነበር።

በ13ኛው መቶ ዓመት ቶማስ አኵዊናስ ይህን ትምህርት በሦስት ነገር ጠቀለለው። ጦርነትን የሚያውጀው ሕጋዊ ሥልጣን ያለው ይሁን፤ በእውነት የተፈጸመ በደል ይኑር፤ አሳቡም ሰላምን ለመመለስ እንጂ ለማጥፋት አይሁን። በኋላ የመጡ መምህራንም ሌላ መንገድ ሁሉ መሞከሩን፥ የሚደርሰው ጉዳት ከሚገኘው መልካም ነገር አለመብለጡን ጨመሩበት። እነዚህ ሁሉ የአንደኛው ጥያቄ ሚዛን ናቸው። ለሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ሁለት ነገሮች ተለይተው ተቀመጡ፦ የሚዋጋውን ከማይዋጋው መለየት፥ ኃይልንም ከሚያስፈልገው በላይ አለመጠቀም። አንደኛውን ሚዛን ያለፈ ሁለተኛውን እንዳለፈ አይቈጠርም። የዚህ ጥናት ዋና ነገር ይኸው ነው።

ከወንጌላውያን መካከል ይህን ትምህርት ፈጽሞ የማይቀበሉ እንዳሉም ማወቅ ይገባናል። ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ አናባፕቲስቶች የክርስቶስ ተከታይ ሰይፍ አያነሣም ብለው ቆመዋል፤ ብዙዎችም ለዚህ በሕይወታቸው ከፍለዋል። በአገራችን የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሥር ከዚህ ወገን ከሜኖናይት ሚሲዮን ነው፤ ሚሲዮኑም የገባው ከጣልያን ጦርነት በኋላ በእርዳታ ሥራ ነበር። እኔ እንደ ሮሜ 13 መንግሥት ግፈኛን ለመከልከል ሰይፍ ተሰጥቶታል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን እነዚህ ወንድሞች ሮሜ 13 ከሮሜ 12 ቀጥሎ እንደ ተጻፈ ዘወትር ያስታውሱናል፤ ማስታወሳቸውም ያስፈልገናል።

አሁን ሁለቱን ሚዛኖች በራሳችን ታሪክ ላይ እናድርጋቸው። በዓድዋው ጦርነት የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ብዙ አያከራክርም። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ ነገር፥ በጣልያንኛ ሌላ ነገር ይል ነበር። ዐፄ ምኒልክ ወዲያው ጦር አላነሡም፤ ጻፉ፥ ተከራከሩ፥ በኋላም ውሉን አፈረሱ። ጦር የዘመቱት የጣልያን ሠራዊት ወደ ትግራይ ከገባ በኋላ ነው። ሥልጣኑም፥ በደሉም፥ ሌላ መንገድ መሞከሩም አለ።

ሁለተኛው ጥያቄስ? በጥር 1888 ዓ.ም. በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ በሻለቃ ጋሊያኖ የሚመራ የጣልያን ጦር ተከብቦ ነበር። በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውኃው ምንጭ ተያዘ፤ ምሽጉም በውኃ ጥም ተጨነቀ። የተጠሙት ወታደሮች ነበሩና በምሽግ ያለን ጦር በዚህ መንገድ ማስጨነቅ በጦርነት ሕግ የተከለከለ አልነበረም። ጦሩ ምሽጉን ሲለቅ ግን ዐፄ ምኒልክ ከነመሣሪያው እንዲሄድ ፈቀዱ፥ የጭነት ከብትም እንዲያገኝ አደረጉ። በዚህ ውስጥ የፖለቲካ ስሌት እንደ ነበረ አይካድም። የሆነው ሆኖ የተጠማው ጠላት ጠጣ፥ በሕይወትም ወጣ። ጋሊያኖ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በዓድዋ ተመልሶ ተዋጋ፤ እዚያም ሞተ። ምሕረት ዋጋ አያስከፍልም ብሎ ማስተማር፥ እንግዲህ፥ ሐሰት ይሆንብናል። አንዳንዴ የለቀቅኸው ሰው ተመልሶ ይተኩስብሃል።

ከድሉ በኋላ በየካቲት 1888 ዓ.ም. የተማረኩት ጣልያኖች ወደ መሐል አገር ተወስደው ቆዩ፥ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. ከተፈረመው የሰላም ውል በኋላም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ለጣልያን የተዋጉት የእኛው አገር ልጆች ግን እንደዚያ አልሆነላቸውም። በመቶ የሚቈጠሩ አስካሪዎች እንደ ከሐዲ ተፈርዶባቸው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቈረጠ። ይህ በጊዜው የታወቀ የክሕደት ቅጣት ነበር። በየዓመቱ የዓድዋን በዓል ስናከብር ይህን ገጽ ፈጥነን እንገልጠዋለን። እኔ ግን ዖዴድ በዚያ ሜዳ ላይ ቢገኝ ኖሮ የሚቆመው እዚህ ገጽ ላይ ይመስለኛል፤ ለባዕዱ የራራ ልብ በወንድም ላይ እንዴት ጨከነ? ብሎ። ድሉ እውነተኛ ድል ነው፤ ምክንያቱም ትክክል ነበር፤ የተቈረጠውም እጅ ተቈርጧል። ሦስቱንም በአንድነት መናገር ይቻላል።

ከ40 ዓመት በኋላ ጣልያን ተመልሶ ሲመጣ ሁለቱንም ሚዛኖች ረገጠ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ያለ ጦርነት ዐዋጅ ድንበር ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1925 በጄኔቭ በተፈረመው ስምምነት ጣልያን ራሱ የገባበትን የመርዝ ጋዝ ክልከላ ጥሶ የሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን አዘነበ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በዶሎ አቅራቢያ በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ድንኳን በቦምብ መታ። የየካቲት 12 ቀን 1929ኙን የአዲስ አበባ ፍጅት፥ በዚያው ዓመት በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ የደረሰውንም ታውቃላችሁ። የበቀል ምክንያት ያለው ሕዝብ ከተፈለገ የእኛ ሕዝብ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ሲገቡ ግን ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፥ እጁን በሰጠ ጠላት ላይ ግፍ እንዳይሠራ አዘዙ። በዚያ ቀን በከተማው ብዙ ሺህ ጣልያናውያን ሴቶችና ልጆች ይኖሩ ነበር። እነዚያ ልጆች ጋዙን አላዘነቡም።

ወደ እኛ ሥራ እንመለስ። በጦርነት ከሚሠሩት ግፎች ሁሉ እኛን በቅርብ የሚነካን ረሃብ ነው። ጥይት የሚዋጋውንና የማይዋጋውን አንዳንዴ ይለያል፤ ረሃብ ግን ከሕፃናትና ከሽማግሌዎች ይጀምራል፤ መሣሪያ የያዘው መጨረሻ ላይ ነው የሚራበው። ዘዳግም 20፥19-20 ከተማን የከበበ ሠራዊት የሚበላ ፍሬ ያለውን ዛፍ እንዳይቈርጥ ይከለክላል። ሕጉ ጦርነቱን ሳይከለክል ከጦርነቱ በኋላ ሰው የሚበላውን ጠበቀ። ከሦስት ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ ዓለም ወደዚህ አሳብ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በጄኔቭ የወጡት ሁለት ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች ሰላማዊ ሰዎችን ማስራብ የጦር ስልት እንዳይሆን ከለከሉ። እህልን፥ አዝመራን፥ ከብትንና የመጠጥ ውኃን ማውደምም ተከለከለ። ሁለተኛው ፕሮቶኮል ይህን በአንድ አገር ውስጥ በሚደረግ ጦርነት ላይም ያጸናዋል። አገራችን ሁለቱንም እ.ኤ.አ. በ1994 ተቀብላለች። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2018 በቍጥር 2417 ውሳኔው ይህንኑ አጥብቆ አውግዟል።

እንግዲህ የሚከተለውን እናስብ። አንዲት እናት በስርጭት ቀን ሰልፍ ላይ ቆማለች። ልጅዋ ከሌላው ወገን ጋር እንደ ተሰለፈ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ስምዋ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። የመዘገበው ሰው ሲጠየቅ «ተረስቶ ነው» ይላል፤ እንዳልተረሳ ግን ሁሉም ያውቃል። ከኋላዋ የቆሙት ሴቶችም መሬት መሬት ያያሉ። መዝገቡን የያዘው ወንድም ስለ ጦርነቱ መነሻ የራሱ አሳብ ሊኖረው ይችላል፤ አሳቡም ትክክል ሊሆን ይችላል። በ2013 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ከተጀመረውና በፕሪቶሪያ ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. እስከ ቆመው የሰሜኑ ጦርነት ድረስ ያለፈ ሰው፥ በአንድ ጉባኤ ውስጥ እንኳ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ አንድ ልብ መሆን እንደሚያስቸግር ያውቃል። ነገር ግን ለዚህች እናት 15 ኪሎ ስንዴ ለመስጠት የመጀመሪያውን ጥያቄ መጨረስ አያስፈልግም። ስምዋ በሁለተኛው ጥያቄ ስር ነው የሚገኘው፤ እዚያም መልሱ ግልጥ ነው።

«እህሉ ለታጣቂ ቢደርስስ?» የሚሉ አሉ። ይህ ቧልት አይደለም፥ በእውነት የሚደርስ ነገር ነው። መልሱ ግን ሰልፉን መበተን ሳይሆን ሥራውን ማጥበቅ ነው። ምዝገባው በአደባባይ፥ በሽማግሌዎችና በእናቶች ፊት ይደረግ። የታጠቀ ሰው በእርዳታ መኪና ላይ አይሳፈር፥ የማንም ወገን መልእክት በሾፌራችን እጅ አይላክ። ከስርጭት በኋላ ቤት ለቤት ይታይ። የቈሰለና እጁን የሰጠ ወታደር ግን ከውጊያ ወጥቷልና የሰላማዊ ሰው ያህል ይቈጠራል፤ ክሊኒካችን የየትኛው ወገን እንደ ሆነ አይጠይቀው።

ለሽማግሌዎችና ለሰባኪዎችም አንድ ቃል አለኝ። ጦርነት ሲነሣ ጠላትን በአውሬና በተባይ ስም መጥራት ወደ ጸሎታችን ሳይቀር ይገባል። በመድረክ ላይ ይህ ሲነገር ዝም ያለ ሽማግሌ፥ በስርጭት ቀን የዚያችን እናት ስም ያጠፋው ሰው በማን ትምህርት እንዳደረገው ራሱን ይጠይቅ። ከግንባር የሚመለሱ ልጆቻችንንም እንዲሁ በእልልታ ብቻ አንቀበላቸው። ታላቁ ባስልዮስ በጦርነት የገደሉትን እንደ ነፍሰ ገዳይ አልቈጠራቸውም፤ ሆኖም ለሦስት ዓመት ከቍርባን ቢከለከሉ መልካም ሊሆን ይችላል ብሎ መከረ። ዓመቱን እንቍጠር አልልም። ነገር ግን የሠራውንና ያየውን ለአንድ እረኛ በጸጥታ የሚነግርበት ሰዓት እንስጠው፤ ብዙዎቹ ይህን ይፈልጋሉ፥ መጀመሪያ ግን የሚጠይቃቸው ያሻቸዋል።

ለቡድን ጥናት፦ 2ኛ ዜና 28፥12-15ን ደግማችሁ አንብቡ። አራቱ አለቆች ባይነሡ ኖሮ የዖዴድ ቃል ብቻውን ምን ይሆን ነበር? በአጥቢያችሁ እንደ አለቆቹ ሊነሡ የሚችሉ እነማን ናቸው? 2ኛ ነገሥት 6፥8-23ንም ጨምሩበት፤ ኤልሳዕ የሶርያን ወታደሮች ካበላቸው በኋላ ቍጥር 24 ላይ ሶርያ ተመልሳ ሰማርያን ከበበች። ይህ ኤልሳዕ ተሳስቷል ማለት ነውን? በመጨረሻም የፕሮጀክት ሠራተኞች ያለፈውን የስርጭት ዝርዝር ይዛችሁ ኑና የሚከተለውን በአንድነት ተመልከቱ፦ መኖሩ እየታወቀ ስሙ ያልተጻፈ ቤተ ሰብ አለን? ካለ፥ ለሚቀጥለው ዙር ማን ይጽፈዋል?